ጠጥቶ ማሽከርከር በደሴና በኮምቦልቻ፦ ሕጉ፣ ቁጥጥሩና የመከላከል መብቱ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም። ይህን ሁሉ ልዩነት መኪና የሚወርደው በሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲተኛ የፊት መብራት ጥቂት ሜትር አያሳይም። ወደ ባቲና ሚሌ የሚያልፉ ከባድ መኪኖች በከባድ ማርሽ እያጓሩ ይወርዳሉ። የጋለ ፍሬን ሽታ መስኮት ተዘግቶም ይገባል። እዚህ ቁልቁለት ላይ የአንድ ሰከንድ መዘግየት ብዙ ነው፤ አልኮል ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው ይህችኑ ሰከንድ ነው።

መጠጡ ሩቅ አይደለም። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ አላት። ጠላና አረቄ በየሰፈሩ አለ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጨብሲ ነው። ከሰዓቱን ሲቅም የዋለ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ማታ ይጠጣል። ጫቱ ስላነቃው የሰከረ አይመስለውም። «ደህና ነኝ» ብሎ ቁልፍ ያነሳል። ጫት ንቁ ያስመስላል እንጂ በደም ውስጥ ያለውን አልኮል አይቀንስም።

የሕጉ መለኪያ ስሜትን አይጠይቅም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ያወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ልኩን ያስቀመጠው እንዲህ ነበር፦ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም፣ በትንፋሽ ሲለካ በአንድ ሊትር 0.4 ሚሊ ግራም። እንዴት እንደሚደረስበት እናስላው። ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ጥንካሬው 5 በመቶ ቢሆን 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 65 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ቶሎ ቶሎ ከጠጣው አንዱ ጠርሙስ 0.3 ያህል ያስቆጥረዋል። ሦስተኛው ላይ ልኩን ጨረሰ ማለት ነው። ቀለል ያለ ሰው ወይም ሴት ከዚያም በፊት ትደርሳለች። የቤት አረቄማ ጥንካሬው ጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም፤ ዳግም፣ ማለትም ሁለቴ የተጣራ ከሆነ መለኪያዋ ትንሽ ብትሆንም ዋጋዋ ከባድ ነው።

ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው በአንድ ሊትር ደም በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም እየቀነሰ ነው። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፈጥነውም። ከሠርግ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የተነሳ ሾፌር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሲገኝ ፊቱን ታጥቦ ይሆናል፤ ደሙ ግን ገና አልታጠበም።

ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆም መጀመሪያ የሚያየው አነዳዱን፣ ዓይኑንና አነጋገሩን ነው። መሣሪያው ካለ ሾፌሩ በቱቦው ረዘም አድርጎ ይተነፍሳል፣ ቁጥሩ ይወጣል። አደጋ ከደረሰ ምርመራው ወደ ሐኪም ሊሄድ ይችላል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 34 መርማሪው የአካል ምርመራ እንዲደረግ ማዘዝ እንደሚችል ይናገራል። የደም ምርመራም እዚያ ውስጥ ነው።

ሰው ሳይጎዳ ከተያዘ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የደንብ መተላለፍ ሆኖ ያልቃል። ሰው ከሞተ ግን ሌላ ዓለም ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት ሾፌር የሙያ ግዴታውን ችላ ብሎ ሰው ቢገድል ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ነው። በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን መቆጣጠር ከማይችልበት ሁኔታ ላይ አድርሶ ከሆነ ንዑስ ቁጥር 3 ይመጣል፦ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ። ጣሪያው 15 ዓመት ስለሚነካ የዋስትናው ጥያቄ ራሱ ክርክር ይሆናል። ተጎጂው ሆስፒታል ተኝቶ በሞትና በሕይወት መካከል ካለም ዋስትና ይከብዳል።

«ጠጥቶ የተያዘ ምን መከራከሪያ አለው?» የሚል ብዙ ነው። ንዴቱ ይገባኛል። ሆኖም አምስት ዓመትና አሥራ አምስት ዓመት የሚለዩት በማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ መፈተን አለበት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ዝም እንዲል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 20 ማስረጃውን እንዲያይ፣ ምስክር እንዲያቀርብ፣ ጠበቃ እንዲያቆም። አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ሰው መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል።

ጎበዝ ጠበቃ ትንንሹን ነገር ይጠይቃል። የመጨረሻው ጉንጭ መቼ ተጠጣ? አፍ ውስጥ የቀረ መጠጥ ንባቡን ስለሚያንር ቢያንስ 15 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። መሣሪያው የተፈተሸው መቼ ነው? ደሙ ሲቀዳ ቆዳው የተጠረገው በአልኮል ነበር? ከአደጋው እስከ መርፌው ስንት ሰዓት አለፈ? ከዚያ ወደ መንገዱ ይመጣል። ትራፊክ ፖሊሱ የሳለው የአደጋው ፕላን የፍሬን ምልክቱን የት አሳየ? መኪናው በቴክኒክ ባለሙያ ታይቷል? ሐረጎ ላይ ፍሬን የሚበጠሰው ለጠጣም ላልጠጣም ነው። መጠጣቱ ቢረጋገጥ እንኳ ሞቱን ያመጣው ያ መሆኑን ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነው። እዚህ ላይ የሚሸነፍ ክስ አለ፤ በደንብ ከተመረመረ የሚጸና ደግሞ ብዙ ነው።

የመኪናው ባለቤትም አያመልጥም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ጥፋት ባይኖርበትም ካሳ ይከፍላል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፤ ለተጎጂው ይደርሳል። ሙሉ መድን ግን ብዙ ጊዜ ሾፌሩ ጠጥቶ ከነበረ ለራስ መኪና አይከፍልም።

ወሎ ውስጥ ደም ከፈሰሰ አበጋር፣ የእርቅ ሽማግሌው፣ ይነሳል። የሟች ወገንና የሾፌሩ ወገን ይታረቃሉ፣ ካሳ ይቆረጣል። የአንድ ቤተሰብ ቂም በዚህ ሲበርድ ማየት ትልቅ ነገር ነው። የወንጀል ክሱ ግን በእርቅ አይዘጋም። እርቁ የሚጠቅመው ቅጣት ሲለካ ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መጸጸትንና ተጎጂን መርዳትን ማቅለያ ያደርጋል። ስለዚህ የእርቁ ወረቀት፣ የሟች ቤተሰብ የፈረመበት፣ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሳይወስን መዝገቡ ውስጥ መግባት አለበት።