«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል»፦ ግንዱ የት ያድራል?

ራሱ በሰው ቤት ተጠግቶ ሳለ እንግዳ ይዞ ለሚመጣ፣ የራሱን ጣጣ ሳይጨርስ የሰው ሸክም ለሚሸከም ሰው የሚነገር ነው። ግንድ ለምሰሶ ይቆማል፣ ተፈልጦም ይነዳል፤ ሁለቱም ግን ቤት ላለው ነው። ቤት የሌለው ግንድ ተሸክሞ ቢዞር ትርፉ ድካም ብቻ ነው። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» በሀብት መካከል ስላጣ ሰው ይናገራል፤ ይኼኛው ስለ ሸክም ነው።

መነሻው ክረምት ነው። የአባይ ውሃ አብዛኛው የሚያልፈው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ወንዙ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይወርዳል። ውሃው የሚደፈርሰው ግን ገና ሳይሞላ፣ በክረምቱ መግቢያ ነው። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ራቁቱን ዝናብ የሚጠብቀው ያን ጊዜ ነውና። ቡቃያው መሬቱን ከሸፈነ በኋላ ዝናቡ ቢበረታም ከእርሻው የሚታጠበው አፈር ይቀንሳል።

«ማደሪያ የለው» የሚለው እውነት የሚሆነው ከሱዳን ድንበር ወዲህ ቆሞ ለሚያይ ነው። ከድንበሩ ማዶ ግንዱም አፈሩም ማደሪያ ነበራቸው። ወንዙ በዓመት ወደ ሱዳን ይዞት የሚሻገረው ደለል 140 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሆኖ ሲገመት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሱዳኑ ሮዛይረስ ግድብ ሲሠራ ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይይዝ ነበር፤ ሲሶ ያህሉን ደለል ወሰደበት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ግድቡን 10 ሜትር ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ግንዱና ቅርንጫፉ ደግሞ ውሃ ወደ ተርባይኖቹ የሚገባበትን አፍ እየዘጋ በጎርፍ ወቅት ኤሌክትሪክ ያስተጓጉል ነበር። የግድቡ ሠራተኞች ዘዴ የጎርፉ ጫፍ እስኪያልፍ የታችኞቹን በሮች ከፍቶ ድፍርሱን መልቀቅ ነበር፤ ሐይቁን መሙላት የሚጀምሩትም ውሃው መጥራት ሲጀምር ነበር። ቀድመው ከሞሉ ደለሉ ይቀመጥ፣ ከዘገዩ በመስኖ የሚለማው የሱዳን የገዚራ እርሻ ውሃ ያጣ ነበር። ተከዜ በሚወርድበት መስመር ያለው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብማ ከግማሽ በላይ አቅሙን በደለል አጥቷል።

እንግዲህ በጎጃም ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን የሱዳን ገበሬም ጉዳይ ነው። የውሃ ድርሻን ስንካፈል አንዱ ያገኘው ከሌላው የጎደለ ይመስላል፤ አፈር ሲያዝ ግን ላይኛው ማሳውን፣ ታችኛው ቦዩን ያተርፋል። ለሰላም የሚበጅ መነሻ ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ አላይም።

ሥራው ከተራራው አናት ይጀምራል፤ ከታች የተጀመረ እርከን ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በአንድ ሌሊት ይደረምሰዋል። የተለመደው የአፈር እርከን ተጠቅጥቆ ካለቀ በኋላ ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ግርጌው ከ1 እስከ 1.2 ሜትር እንዲሰፋ፣ ቦዩም 50 ሳንቲ ሜትር እንዲጠልቅ ይደረጋል። ዝናብ በሚበዛበት ምድር ፍጹም ድልድል አድርጎ መሥራት ግን ስሕተት ነው። ውሃ ይቋጥራል፣ ሰብሉ ይቢጫል፤ ሞልቶ የፈሰሰበት ቦታም ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ በ100 ሜትር ርቀት ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር እያዘነበለ ሣር ወደለበሰ መውረጃ ማስወጣት ይሻላል። በቦረቦር ውስጥ የሚሠራ ክትር ደግሞ ጫፎቹ ወደ ግራና ቀኝ ግድግዳው ጠልቀው ካልገቡ ውሃው በጎኑ ቆርጦት ያልፋል። መሐሉን ዝቅ አድርጎ የውሃ ማለፊያ መተው፣ ከሥሩም ድንጋይ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ከብቱ በሁለት ዓመት ያፈርሰዋል፤ ገበሬውም አይጥ ይራባበታል ብሎ መልሶ ያርሰዋል። ደሾ ሣር የተተከለበት እርከን የሚበረክተው መኖ ስለሚሆን ነው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ አነጋገሩን ገልብጦታል፤ አባይ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚያሳድር ቤት አገኘ። ደለሉም ከእንግዲህ የሚያድረው እኛው ዘንድ ነው፤ ሮዛይረስ እፎይ ሲል የላይኛው እርከን የራሳችን ግድብ ዕድሜ ሆነ። በካርቱም ወንዝ ዳር ከደለል ጡብ የሚሠሩ ሰዎች ግን ጥሬ ዕቃቸው ይቀንስባቸዋል፤ ይህም በውይይት ሊነሣ የሚገባው ጉዳት ነው።

ሱዳን አሁን ከአፈሩ ይልቅ የሚለቀቀው ውሃ ቁጥር ያስፈልጋታል። ሮዛይረስ ከሕዳሴ ግድብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው፤ የሚይዘውም ውሃ የዚያን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 2020 የሱዳን መስኖ ሚኒስቴር በድንበሩ በዴይም መለኪያ ጣቢያ የሚያልፈው ውሃ በቀን 90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መቀነሱን አስታወቀ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2015 ካርቱም ላይ በሦስቱ አገሮች፣ በኢትዮጵያ፣ በሱዳንና በግብፅ፣ የተፈረመው የመርሆች መግለጫ የመረጃ ልውውጥን በስም ጠቅሷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭም የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ቢሮውን ያቋቋመው አዲስ አበባ ነው። የሮዛይረስ በር ጠባቂ የሚፈልገው ዛሬ ስንት ሜትር ኩብ ተለቀቀ፣ ነገ ስንት ሊለቀቅ ታቅዷል፣ የትኛውስ በር ይከፈታል የሚለውን በየማለዳው፣ ውሃው ከመድረሱ በፊት፣ ማወቅ ነው።