የሲሚንቶ ፋብሪካ ትርፍ ሙቀት፦ መቼ ያዋጣል?

የሲሚንቶ ዋና ግብዓት የሆነው ክሊንከር የሚቃጠለው 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ነው። ጭሱ ጥሬ ዕቃው ወደ ምድጃው ከመግባቱ በፊት የሚሞቅበትን ማማ አልፎ ሲወጣ፣ ማማው አምስት ወይም ስድስት እርከን ቢኖረው እንኳ፣ ገና 300 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክሊንከሩን ያበረደው አየርም ትኩስ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱን በቦይለር ውስጥ አሳልፎ እንፋሎት መሥራት፣ በእንፋሎቱም ተርባይን አዙሮ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይቻላል። ጃፓኖች ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ሠርተውበታል። ቻይና ውስጥ በአንሁዊ ግዛት የሚገኘው የኒንግጉዎ ፋብሪካ በጃፓን ድጋፍ 6.48 ሜጋዋት የሚያመነጭ መሣሪያ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ አስጀመረ። የቻይና አምራቾች መሣሪያውን ራሳቸው መሥራት ሲጀምሩ ዋጋው ወረደ፤ ቴክኖሎጂው በአገሪቱ የተስፋፋውም ያኔ ነው።

ትርፍ ይባል እንጂ ሙቀቱ ሁሉ ሥራ ፈት አይደለም። እንጀራ ጋግራ የጨረሰች እናት ምጣዱ ሳይበርድ ቆሎ እንደምትቆላበት፣ ፋብሪካውም በዚሁ ጭስ የኖራ ድንጋዩንና ሸክላ አፈሩን ያደርቃል። ስለዚህ ቦይለሩ ጭሱን እስከ መጨረሻው ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ክረምት ላይ ድንጋዩ ርሶ ሲመጣ ማድረቂያው ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፤ ለተርባይኑ የሚተርፈው ያንሳል። በበጋ ብቻ ለክቶ መሣሪያ የገዛ ፋብሪካ ሐምሌ ላይ ይቆጨዋል።

ሂሳቡን በምሳሌ እንየው። በቀን 5,000 ቶን ክሊንከር የሚያመርት ፋብሪካ ከቶኑ 30 ኪሎዋት ሰዓት ቢያገኝ፣ በአማካይ 6.25 ሜጋዋት ይሆናል። በዓመት 300 ቀን ከሠራ 45 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ተከላው በኪሎዋት 2,000 ዶላር ቢፈጅ ወጪው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት 10 ሳንቲም ዶላር በሚሸጥበት አገር ገንዘቡ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል፤ 3 ሳንቲም በሆነበት ግን ከዘጠኝ ዓመት በላይ ይፈጃል። በዚሁ ርካሽ ታሪፍ ላይ ፋብሪካው በዓመት 200 ቀን ብቻ ከሠራ ወደ 14 ዓመት ይጠጋል፤ ጥገናና ወለድ እንኳ አልተጨመሩም። የጭሱን ዲግሪ ብቻ ለክቶ «ያዋጣል» የሚል ጥናት ስለዚህ ብዙም አያሳምነኝም።

የኢትዮጵያ ነገር ለየት የሚለውም እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ርካሽ ነው፤ የካርቦን ልቀቱም ከመጀመሪያውም ጥቂት በመሆኑ ከካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም የተቀነሰን ልቀት እንደ ሸቀጥ ከመሸጥ፣ የሚገኘው ገቢ ይሳሳል። የቻይና ፋብሪካዎች የተኩት ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ስለነበር ያ ገቢ ለብዙዎቹ ድጋፍ ሆኗቸዋል። በዚያ ላይ ይህ መሣሪያ የሚቆጥበው ኤሌክትሪክን እንጂ ምድጃው የሚበላውን ከሰል አይደለም። ለመሣሪያው የሚወጣው ዶላር ሲሆን የሚተርፈው ብር መሆኑም አለ። ያም ሆኖ መብራት የሚቆራረጥበት ፋብሪካ ሌላ ሂሳብ ይኖረዋል፦ ምድጃ በድንገት ቆሞ እንደገና እስኪሞቅ የሚባክነው ነዳጅና የሚሰነጠቀው የምድጃው ሙቀት መከላከያ ጡብ ከታሪፉ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ግን ምድጃው ከቆመ ሙቀቱም አብሮ ስለሚቆም፣ ተርባይኑ ብቻውን ጄኔሬተርን አይተካም።

ቀን በቀን የሚያታክተው ደግሞ አቧራው ነው። ከማማው የሚወጣው ጭስ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ይዞ የቦይለሩን ቱቦዎች ይለብጣቸዋል፤ ትንሽ ሲወፍር ሙቀት አያሳልፍም። ለዚህ ሲባል ከውጭ በኩል ተራ በተራ የሚመቱ መዶሻዎች ይገጠማሉ፤ ቦይለሩ አጠገብ የቆመ ሰው ኳ... ኳ... ሲሉ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማቸዋል። ከክሊንከር ማብረጃው የሚመጣው ብናኝ ደግሞ ከመጣበቅ ይልቅ እንደ አሸዋ ብረቱን ይፍቃል፤ ስለዚህ አየሩ ቦይለሩ ከመግባቱ በፊት ብናኙን የሚያስቀርበት ክፍል ያስፈልገዋል። ውኃ በሚያጥርበት አካባቢ እንፋሎቱን በአየር ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ የሚገኘው ኤሌክትሪክም ይቀንሳል።