ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ቤተሰቦች የድሮ ፎቶዎች

ሰው የሳሎኑን ዕቃ ለምን ደጅ ያወጣል? በ1870ዎቹ ዊስኮንሲን ውስጥ የተነሱትን የኖርዌጂያን ስደተኞች ፎቶዎች መጀመሪያ ሲያይ ማንም ይህን መጠየቁ አይቀርም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የእንጨቱ ቤት ከኋላ ይታያል። ከፊቱ፣ ሳሩ ላይ፣ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ቆሟል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ አንዳንዴ ኦርጋን ወይም የስፌት መኪና ሳይቀር ወጥቷል። አባት መጽሐፍ ይዞ ተቀምጧል። እናት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋለች። ልጆቹ በዙሪያቸው ቆመዋል። ማንም አይስቅም።

ከእነዚህ ፎቶዎች ብዙዎቹን ያነሳው አንድሪያስ ላርሰን ዳል የሚባል ሰው ነው። በ1844 ኖርዌይ ውስጥ ቫልድረስ በሚባል አገር ተወለደ፣ በ1869 አሜሪካ ገባ፣ ከዚያ በማዲሰን ከተማ ዙሪያ ከገበሬ ቤት ገበሬ ቤት እየዞረ ፎቶ ያነሳ ነበር። በኋላ ነገሩን ትቶ የሉተራን ቄስ ሆነ። የመስታወት ኔጌቲቮቹ ዛሬ በዊስኮንሲን የታሪክ ማኅበር ተቀምጠዋል።

ዕቃው የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ብርሃን ነው። ያኔ ፎቶ የሚነሳው መድኃኒት በተቀባ እርጥብ መስታወት ላይ ነበር። መስታወቱ ሳይደርቅ መነሳትም መታጠብም ስላለበት ፎቶ አንሺው ጨለማ ክፍሉን በጋሪ ወይም በድንኳን ይዞት ይዞራል። ጨለምለም ባለ ቤት ውስጥ ይህን መሞከር ልፋት ብቻ ነው። ደጅም ቢሆን ለጥቂት ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቆየት ያስፈልጋል፤ የተነቃነቀ ሕፃን ፊቱ እንደ ጭስ ይበተናል። ለዚህ ነው በአንዳንድ ፎቶዎች ላይ ውሻው ሁለት ራስ ያለው የሚመስለው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጣል። ፎቶው ይላካል። ኖርዌይ የቀሩት ወላጆች፣ ወንድሞች፣ «እዚያ ሄዳችሁ ምን አገኛችሁ?» የሚሉት ሁሉ ያዩታል። ስለዚህ ያለው ንብረት በሙሉ በአንድ ፎቶ ላይ መግባት አለበት። ፈረሱም፣ ጋሪውም፣ ሻይ ማፍያውም። እነዚህን ፎቶዎች እንደ ማስታወሻ ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹ ያመልጠዋል። ደብዳቤ ናቸው፤ ደብዳቤ ደግሞ የሚጻፍለትን ሰው እያሰቡ ነው የሚጻፍ።

የስደቱ መጀመሪያ ተብሎ የሚቆጠረው 1825 ነው። በዚያ ዓመት ሬስታውራሽን የምትባል ትንሽ የሸራ መርከብ 52 ሰው ይዛ ከስታቫንገር ወደብ ተነሳች። ኒው ዮርክ ስትደርስ 53 ሆነዋል፣ መንገድ ላይ ሕፃን ተወልዷል። ከዚያ በኋላ በነበሩት 100 ዓመታት ከ800,000 በላይ ኖርዌጂያኖች ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄደዋል። ለአገሪቱ ሕዝብ ብዛት ይህ በጣም ከባድ ቁጥር ነው፤ ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር ሲታይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኖርዌይ በላይ ሰው የሄደባት አየርላንድ ብቻ ናት። የሚታረስ መሬት ጠባብ ነው፣ የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ ነበር፣ ርስቱ ለበኩር ልጅ ሲሄድ ታናናሾቹ ጭሰኛ ሆነው ይቀራሉ። አሜሪካ ደግሞ በ1862 ባወጣችው ሕግ አምስት ዓመት ኖሮ ላረሰው 160 ኤከር ትሰጥ ነበር። 160 ኤከር ወደ 65 ሄክታር ይጠጋል። በፊዮርዱ (በተራሮች መካከል ወደ ውስጥ በገባው ጠባብ ባሕር) ዳር ድንጋይ ሲለቅም ላደገ ገበሬ ይህ ተረት ነው የሚመስለው።

ፎቶ በስፋት የመጣውም በዚሁ ዘመን ነው። በ1860ዎቹ ተወዳጁ 6 በ10 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነች፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ካርድ ነበረች። ቀጥሎ ካቢኔ ካርድ የሚባለው፣ 11 በ16 ተኩል የሚሆነው ወፍራም ካርቶን መጣና እስከ 1900 ገደማ ነገሠ። በቆርቆሮ ላይ የሚነሳ ርካሽ ዓይነትም ነበር። ካርዱ በብዛት ስለሚታተም አንዱ አልበም ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው ለጎረቤት፣ ሌላው በፖስታ ኖርዌይ ይሄዳል። ይህን እናስታውሰው፣ እመለስበታለሁ።

የማይታየውስ? ዕዳው አይታይም። አንበጣ የበላው አዝመራ አይታይም፤ በ1870ዎቹ በምዕራብ ሚኒሶታ ለዓመታት እየተመላለሰ ገበሬውን ያራቆተው እሱ ነበር። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቤትም አይታይም። ሜዳው ላይ ዛፍ ስለሌለ ብዙዎቹ መጀመሪያ የኖሩት ከሳር ሥሩ ጋር እንደ ጡብ ተቆርጦ በወጣ አፈር በተሠራ ቤት ነው። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ጭቃ ያንጠባጥባል። ፎቶ የሚነሱት የእንጨት ቤት ከሠሩ በኋላ ነው፤ ወይም እዚያው አፈር ቤት ደጃፍ ላይ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው። ከእነዚህ አንዱ፣ ሰሜን ዳኮታ ሚልተን አካባቢ የኖርዌጂያን ዘር ያለው ቤተሰብ ከአፈር ቤቱ ፊት የተነሳው፣ በጣም ዝነኛ ሆኗል። አሜሪካ በ1962 ለመሬት ሕጉ 100ኛ ዓመት ባወጣችው ቴምብር ላይ አለ፣ ኖርዌይም በ1975 ለስደቱ 150ኛ ዓመት ተጠቅማበታለች። ሁለት አገር አንድ ጎጆ ቴምብር ላይ ማድረጋቸው እኔን ያስቀኛል፤ የጣሪያውን ጭቃ ሲጠርጉ የነበሩት ሰዎች ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

አሁን ዋናው ራስ ምታት፣ ስም። እዚህ ላይ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የኖርዌይ ገጠር ሰው እንደኛው የአባቱን ስም ነበር የሚጠራ። ኦሌ የሃንስ ልጅ ከሆነ ኦሌ ሃንሰን ነው። የኦሌ ልጅ ሃንስ ደግሞ ሃንስ ኦልሰን፣ ሴቷ ልጅ ኦልስዳተር። ሴት ስታገባም የአባቷን ስም አትቀይርም። ከዚህ ላይ የሚኖሩበት እርሻ ስም ይቀጠላል፤ ዳል ሸለቆ ነው፣ ባከን ኮረብታው። ቤተሰቡ እርሻ ከቀየረ ስሙም አብሮ ይቀየራል። እዚህ ድረስ ለእኛ ቀላል ነው። ችግሩ የመጣው የአሜሪካ ቢሮ «የቤተሰብ ስም» ሲል ነው። አንዱ ወንድም ሃንሰን አለ፣ ሁለተኛው የእርሻውን ስም ያዘ፣ ሦስተኛው ፈረንጁ መጥራት ያቃተውን አሳጠረ፤ እና ከአንድ እናት አባት የወጡ ሦስት ወንድሞች በሦስት ስም ተቀበሩ። አሜሪካ የገባ ሐበሻ ሁሉ የአያቱ ስም እንዴት «የቤተሰብ ስም» እንደሆነበት ያውቃል። ኖርዌይ ራሷ ቋሚ የቤተሰብ ስምን በሕግ ያስገደደችው በ1923 ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባት በኩል ባለው አያቱ ስም ይሰየማል። ልጅ ከሞተ ቀጥሎ ለሚወለደው ያንኑ ስም ይሰጡታል። ስለዚህ ከፎቶው ጀርባ «ሃንስ» ተብሎ ቢገኝ ገና የትኛው ሃንስ የሚለው ይቀራል።

ዓመቱን ለመገመት ግን መንገድ አለ። ፊቱን ተውትና ካርቶኑን ገልብጡት። የፎቶ ቤቱ ስምና ከተማ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ታትሟል፤ ፎቶ ቤቱ በዚያች ከተማ ስንት ዓመት እንደሠራ ከታወቀ ግማሹ ሥራ አለቀ። ጀርባው ላይ የቀረጥ ቴምብር ከተለጠፈ ፎቶው ከ1864 እስከ 1866 ባለው ጊዜ የተሸጠ ነው፣ አሜሪካ ለእርስ በርስ ጦርነቱ ወጪ ብላ ፎቶን የቀረጠችው በእነዚያ ዓመታት ብቻ ስለነበር። የሴቶቹ ቀሚስ እጅጌ ትከሻው ላይ እንደ ፊኛ ከተነፋ 1890ዎቹ አጋማሽ ነው። የፖስት ካርድ ፎቶ ከሆነ ከ1907 በፊት በአድራሻው በኩል መልእክት መጻፍ አይፈቀድም ነበር። ሙሽራዋን ደግሞ በነጭ ቀሚስ አትፈልጓት፤ ብዙዎቹ የገጠር ሙሽሮች ያገቡት በኋላም ለቤተ ክርስቲያን በሚሆን ጥቁር ቀሚስ ነው። የሰርግ ፎቶን የለቅሶ አድርጎ ያስቀመጠ የልጅ ልጅ ብዙ ነው።

ቋንቋውም ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች በኖርዌጂያን ናቸው፣ ቤት ውስጥም ቤተ ክርስቲያንም የሚነገረው እሱ ነበርና። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የባዕድ ቋንቋ ሁሉ በጥርጣሬ ታየ፤ የአይዋ ክፍለ ግዛት ገዢ በ1918 በአደባባይ፣ በስልክ፣ በትምህርት ቤት፣ በስብከት ሳይቀር ከእንግሊዝኛ ሌላ እንዳይነገር አዋጅ እስከ ማውጣት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አልበሞች ጀርባ ላይ እንግሊዝኛ እየበዛ ይሄዳል። ፎቶዎቹም ይለወጣሉ። በ1900 ብራውኒ የምትባለው የኮዳክ ካሜራ በ1 ዶላር ገበያ ላይ ከዋለች በኋላ ገበሬው ራሱ ማንሳት ጀመረ። ሰዎቹ መሳቅ ጀመሩ። ትራክተር፣ አዲስ መኪና፣ የወታደር ልብስ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት፣ የሜይ 17 ሰልፍ ባንዲራ፤ ሜይ 17 (በእኛ ግንቦት 9) የኖርዌይ ሕገ መንግሥት ቀን ነው፣ እስከ ዛሬ ይከበራል።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የኖርዌጂያን ዘር አለኝ የሚለው ሰው ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋል፣ ከሁሉም ክፍለ ግዛት የሚበዙት ሚኒሶታ ነው። ሚኒያፖሊስን የሚያውቅ አንባቢ ሴዳር ሪቨርሳይድን ያውቃል። ዛሬ ሶማሌውና ሐበሻው ቡና የሚጠጣበት ያ ሰፈር ከመቶ ዓመት በፊት ኖርዌጂያንና ስዊድናውያን ከባቡር ወርደው መጀመሪያ የሚያርፉበት ነበር። ያኔም ቢሆን ፎቶ ተነስቶ ለእናት ይላክ ነበር።

ፎቶዎቹ የት አሉ ከተባለ፣ ብዙዎቹ ገና በሰው ቤት ሳጥን ውስጥ ናቸው። ትልልቆቹ ማኅደሮች ዲኮራ አይዋ ያለው ቬስተርሃይም ሙዚየም፣ ኖርዝፊልድ ሚኒሶታ ያለው በ1925 የተመሠረተው የኖርዌጂያን አሜሪካውያን የታሪክ ማኅበርና ኖርዌይ ሐማር አጠገብ ያለው የስደተኞች ሙዚየም ናቸው። ሰው ለመፈለግ ደግሞ ኖርዌይ የምታስቀና አገር ናት። የቤተ ክርስቲያን መዝገቦቿ፣ የ1865ና የ1900 የሕዝብ ቆጠራዎቿ፣ ፖሊስ ከ1867 ጀምሮ ወደብ ላይ የመዘገባቸው የተጓዦች ዝርዝሮች በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ በነፃ ይታያሉ። በዚህ ላይ ቢግደቦክ የሚባሉ መጻሕፍት አሉ፤ በአንድ ወረዳ ያለ እያንዳንዱ እርሻ ማን ኖረበት፣ ማንን ወለደ፣ ማን አሜሪካ ሄደ ብለው ትውልድ በትውልድ ይቆጥራሉ።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይኸው። አሜሪካ የቀረው ቅጂ ብዙ ጊዜ ስም የለውም። ለምን ይጻፍ? ቤቱ ያለው ሁሉ ያውቃቸዋል፣ አባቴ ነው፣ አክስቴ ናት። ኖርዌይ የተላከው ግን የልጆቹን ፊት አይታ ለማታውቅ አያት ነው፤ ስለዚህ ላኪው ጀርባው ላይ በእርሳስ ማን ማን እንደሆነ፣ ዕድሜያቸውን ሳይቀር ይጽፋል። እናም ከአራት ትውልድ በኋላ አንዱ የልጅ ልጅ ስም የለሹን ካርቶን በሻንጣ ይዞ የአያቶቹን እርሻ ፈልጎ ይሄዳል። የማያውቃቸው ዘመዶች ቡና ያፈሉለታል። ከዚያ አልበም ይወጣል፣ ያችው ፎቶ ከዚያ ትገኛለች፣ ይገለብጧታል።