ፎቶን በፈለጉት ዲግሪ ማዞር ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ላይ የተሞሸረ ሁሉ ጣና ዳር ወርዶ ፎቶ ይነሳል። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ብዙዎቹ ላይ ግን ሐይቁ ዘንበል ብሏል፤ ውሃው ባንድ ጎን ሊፈስ የደረሰ ይመስላል። ካሜራው አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ አዘምሞ ስለተያዘ ነው። ይህን የምናቃናው ፎቶውን በትክክል በዚያችው ልክ መልሰን በማዞር ነው።

ስልክ ላይ ያለችው የማዞሪያ ምልክት በአንዴ 90 ዲግሪ ነው የምታዞረው። ያኔ ፒክስሎቹ፣ ማለትም ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች፣ ቦታ ይቀያየራሉ እንጂ አይነኩም። በ2 ዲግሪ ሲዞር ግን አዲሶቹ ፒክስሎች ከድሮዎቹ ጋር አይገጥሙም። ሶፍትዌሩ የጎረቤት ቀለሞችን እያቀላቀለ አዲስ ይሠራል፤ ፎቶው በጥቂቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ 1 ዲግሪ አዙራችሁ ካነሰ፣ በላዩ ላይ ግማሽ አትጨምሩ። ወደ መጀመሪያው ፎቶ ተመለሱና 1.5 ብላችሁ አንዴ አዙሩ።

ማዕዘኖቹም ባዶ ይቀራሉ። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ በ3 ዲግሪ ዞሮ፣ ቅርጹን እንደያዘ ባዶው ሲቆረጥ፣ ከፎቶው 14 በመቶ ገደማ ይሄዳል። ስታነሱ ከቬሎው ጫፍ አለፍ ብላችሁ ቦታ ተዉ።

ፎቶሾፕ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ፣ ከምናሌው ኢሜጅ፣ ኢሜጅ ሮቴሽን፣ አርቢትራሪ የሚለው ጋ ገብቶ ዲግሪውን በቁጥር መጻፍ ነው። ጊምፕ የሚባለው ሌላ ሶፍትዌር ላይ ማዞሪያውን ለመክፈት ሺፍትና አር የሚሉትን ቁልፎች አብሮ መጫን ይበቃል።

ቁጥሩ ግን ከየት ይመጣል? በዓይን ግምት ባይሆን እመርጣለሁ። ፎቶሾፕ ላይ ሩለር በሚባለው መለኪያ ቀጥ ማለት ባለበት ነገር ላይ መስመር ስባችሁ አርቢትራሪን ብትከፍቱ ዲግሪው ተሰልቶ ይጠብቃችኋል። ጣና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መስመሩን የሚስብበት ቦታ ላይ ነው። የሐይቁን ዳርቻ ይይዛል። ዳርቻው እየራቀ የሚሄድ ከሆነ ግን ካሜራው ልክ ቢሆንም ፎቶው ላይ ያዘመመ ይመስላል። ሰማይና ውሃ የሚገናኙበት ክፍት አድማስ ካለ እሱን ያዙ።

ከሌለስ? ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት የተነሳ ፎቶ ከሆነ ነጸብራቁን ፈልጉ። የደንገል ታንኳ ሹል ጫፍና ውሃው ውስጥ የሚታየው ያው ጫፍ አንዱ ካንዱ በላይ ቀጥ ብሎ ይውላል። ዛፍም ይሆናል፤ ግንዱ ቢያጎነብስ እንኳ ጫፉና የጫፉ ነጸብራቅ አይዋሹም። ከፎቶው መሃል አካባቢ ያለውን ምረጡ። ካሜራው ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ካየ፣ ጠርዝ ላይ ያለው መስመር ራሱ ዘንበል ይላል።