ሃርፐርስ ፌሪ፦ ሁለት ወንዝ የሚገናኙባት ከተማ

ሃርፐርስ ፌሪ በዌስት ቨርጂኒያ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ የሼናንዶዋ ወንዝ ከፖቶማክ ጋር በሚገናኝበት ሹል መሬት ላይ ያለች ከተማ ናት። በ2020 ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 285 ብቻ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስለምትርቅ በዚያ አካባቢ ያሉ ሐበሾች እንግዳ ሲመጣባቸው ደርሶ መልስ ሊወስዱት የሚችሉት ቦታ ነው።

ከተማዋን ለመረዳት መጀመሪያ የመሬቱን አቀማመጥ ማየት ይበጃል። ሁለቱ ወንዞች እንደተገናኙ የብሉ ሪጅን ተራራ ሰንጥቀው ወደ ምሥራቅ ይወርዳሉ። በሰሜን ምሥራቅ፣ ከፖቶማክ ማዶ፣ ወደ 440 ሜትር ከፍታ ያለው የሜሪላንድ ሃይትስ ገደል ቆሟል። በደቡብ፣ ከሼናንዶዋ ማዶ፣ ሎዶን ሃይትስ አለ። በስተምዕራብ ደግሞ ዝቅ ያለው የቦሊቫር ሃይትስ ኮረብታ መንገዱን ይዘጋል። ታችኛው ከተማ በእነዚህ መካከል በጎድጓዳ ሳህን ሥር እንደተቀመጠ ነው። ከዚያ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወጡት ከአለቱ በተጠረበ ደረጃ ነው። ደረጃውን ተከትለው ሲወጡ ቶማስ ጄፈርሰን በ1783 የቆመበት አለት ይገኛል። እይታው አትላንቲክን ለመሻገር የሚያበቃ ነው ብሎ ጽፏል። ድንጋዩ ከሥሩ እየላላ ስላስፈራ፣ በ1850ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአራት የድንጋይ ምሰሶዎች ተደግፏል።

ስሟ የመጣው ከሮበርት ሃርፐር ነው። ሃርፐር በ1747 መጥቶ መሬቱን ገዛና ሰው በጀልባ እያሻገረ፣ ወፍጮም ተክሎ ኖረ። ከተማዋን ከተራ መሻገሪያነት ያወጣት ግን ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ እዚህ እንዲተከል ግፊት ያደረገው እሱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፦ የሚወርድ ውሃ መዘውር ያዞራል፣ በአካባቢው ብረትና ለከሰል የሚሆን እንጨት አለ፣ ከባሕር የሚመጣ ጠላትም በቀላሉ አይደርስበትም። መሬቱ በ1796 ተገዛ፤ እስከ 1861 ድረስም ከ600,000 በላይ ጠመንጃና ሽጉጥ ተሠራበት።

ከፋብሪካው ታሪክ ይበልጥ ሊወራለት የሚገባው ጆን ሆል ነው። በ1819 ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ 1,000 ለመሥራት ተዋውሎ በሼናንዶዋ ዳር ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ጠመንጃ በሞረድ እየተሞረደ ለብቻው ስለሚገጠም፣ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም ነበር። ችግሩ ከአለካክ ይጀምራል፤ ሁለተኛውን ቀዳዳ ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው እየለኩ ሲሄዱ ትንንሹ ስህተት ይደመራል። ሆል ሁሉንም ከአንድ ቋሚ ነጥብ እንዲለካ አደረገ፤ ለየክፍሉ መፈተሻ መለኪያ አበጀ፤ ብረቱን በእጅ ሳይሆን በመሣሪያ ማሽን አስቆረጠ። በ1820ዎቹ የጠመንጃዎቹ ክፍሎች ተቀላቅለው እንደገና ሲገጠሙ ሠሩ። ከተማዋን ባርነትን በመሣሪያ ለመጣል በተነሳው በጆን ብራውን ስም ብቻ የሚያውቃት ሰው ይህን ሳያይ ማለፉ ያስቆጫል።

በ1830ዎቹ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይና የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ከወንዙ ማዶ ደረሱ። ባቡሩም በድልድይ ተሻግሮ ከተማዋ ገባ።

ጆን ብራውን የመጣው በፋብሪካው ለነበረው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ነው። ባርነትን በመሣሪያ ለመጣል አስቦ ጥቅምት 16 ቀን 1859 ሌሊት ከሜሪላንድ በኩል ገባ። አብረውት ከዘመቱት 21 ሰዎች አምስቱ ጥቁሮች ነበሩ። ግምጃ ቤቱን በቀላሉ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። ያስቆመውን ባቡር ሲነጋ ለቀቀው፣ የባቡሩ ሰዎችም ወሬውን በቴሌግራፍ አሰራጩ። ቀን ላይ የአካባቢው ሚሊሺያ ድልድዮቹን ሲይዝ መውጫ አጣ፤ በዚያች ሹል መሬት ላይ ድልድይ የያዘ ሁሉንም ይይዛል። ብራውን ወደ እሳት ማጥፊያ ፓምፕ ማስቀመጫው ቤት ገባ። ጥቅምት 18 ጠዋት በሮበርት ሊ የሚመሩት የማሪን ወታደሮች በሩን በመሰላል ደብድበው ገቡ። ራሱን ብራውንን ጨምሮ ከ22ቱ ዘማቾች አሥሩ ሞቱ፣ ብራውንና ሌሎች ስድስት ተሰቀሉ፣ አምስቱ አመለጡ። መጀመሪያ የተገደለው ግን ሄይዋርድ ሼፐርድ የተባለ ነጻ ጥቁር የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር።

የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 ሲነሳ የፌዴራሉ ወታደሮች ግምጃ ቤቱን አቃጥለው ሸሹ። ከእሳቱ የተረፈውን ማሽን የተገነጠሉት ደቡቦች ነቅለው ወሰዱት፤ ፋብሪካውም በዚያው ቀረ። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ ኖረች። ሥፍራው ለመከላከያ ምን ያህል እንደማይመች በመስከረም 1862 ታየ። የሰሜኖቹ አዛዥ ዲክሰን ማይልስ ዋናውን ጦር ከታች አስቀምጦ ሜሪላንድ ሃይትስን በመስከረም 13 ለቀቀ። የደቡቦቹ ጄኔራል የስቶንዎል ጃክሰን ጦር መድፉን ወደ ከፍታዎቹ ጎትቶ ከሦስት አቅጣጫ ቁልቁል ተኮሰ። መስከረም 15 ወደ 12,500 ወታደር እጁን ሰጠ። ፈረሰኞቹ ግን በዋዜማው ማታ በተንሳፋፊ ድልድይ ተሻግረው ወጥተው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በላይኛው ሰፈር ነጻ ለወጡ ጥቁሮች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ስቶረር ኮሌጅ ሆነ። ከባርነት አምልጦ የጥቁሮች መሪ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1881 እዚያ ስለ ጆን ብራውን ንግግር አድርጓል፤ በ1906 ደግሞ ምሁሩ ዱ ቦይስ የመሩት፣ ለጥቁሮች መብት የቆመው የናያግራ ንቅናቄ በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያውን ስብሰባ አካሂዷል። ኮሌጁ በ1955 ተዘጋ።

ብራውን የመሸገበት የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ቤት ዕጣ አስገራሚ ነው። 11 በ7 ሜትር ገደማ የሆነው ይህ የጡብ ቤት ፈርሶ ለ1893 ኤግዚቢሽን ወደ ቺካጎ ተወሰደ፤ በአሥር ቀን ውስጥ 11 ሰው ብቻ ጎበኘው ይባላል። ከዚያ ተመልሶ በአንድ እርሻ ላይ፣ ቀጥሎ በኮሌጁ ግቢ ቆመ፤ በ1968 ወደ ታችኛው ከተማ ወረደ። የጥንት ቦታው በባቡር መስመር አፈር ስለተቀበረ አሁን ያለው ከዚያ ፈንጠር ብሎ ነው። ሲገጣጠም በተገለበጠ ፎቶ ስለተመሩ ግራና ቀኙ እንደተገለበጠ ነው የሚታየው። ልብ ብሎ የሚያስተውለው ግን ጥቂት ነው።

ከጦርነት ያልተናነሰ ጉዳት ያደረሰው ጎርፍ ነው። ሰፊ ተፋሰስ ያላቸው ሁለት ወንዞች በጠባብ የተራራ በር ከመውጣታቸው በፊት ከተማዋ ሥር ይጋጠማሉ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲሞሉ ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና ታችኛው ከተማ ይሰምጣል። በ1870 የሼናንዶዋ ሙላት 42 ሰው ገደለ። ከፍተኛው የመጋቢት 1936 ነው፦ ውሃው 36.5 ጫማ፣ ማለትም ከ11 ሜትር በላይ ደርሶ የመኪና ድልድዮቹን ጠርጎ ወሰደ። በታችኛው ከተማ በአንድ ሕንፃ ጥግ ላይ የየዓመቱ ጎርፍ የደረሰበት ምልክት ተለጥፏል፤ ብዙዎቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው።

ሥፍራው በ1944 ብሔራዊ ሐውልት፣ በ1963 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆኗል። ከታች ያለው መኪና ማቆሚያ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ከላይ ባለው የጎብኚዎች ማዕከል አቁሞ በፓርኩ አውቶቡስ መውረድ ይሻላል። 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአፓላቺያን የእግር መንገድ በመሀል ከተማዋ ያልፍና በባቡሩ ድልድይ አጠገብ ባለው የእግረኛ መተላለፊያ ወደ ሜሪላንድ ይሻገራል። ለፖስታ ካርድ የሚሆነውን እይታ የሚፈልግ ከዚያው ወደ ሜሪላንድ ሃይትስ መውጣት አለበት፤ ደርሶ መልሱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ዳገቱ ያደክማል። ወንዙን በእግር ለመሻገር መሞከር ግን አደገኛ ነው፤ ላይ ላዩ ዝም ያለ ቢመስልም ከሥሩ አለትና ብርቱ ሞገድ አለ፣ ሰውም እየወሰደ ነው።