ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ ኮኒክ አይሆንም

ስለ ውሱን ፕሮጀክቲቭ ጂኦሜትሪ (ነጥቦቹ በቁጥር የተወሰኑ፣ በአንድ ጠለል ላይ ያሉ የትኞቹም ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ጂኦሜትሪ) በሚጻፉ ረቂቆች ውስጥ አንድ ስሕተት እየደጋገመ ስለሚገጥመኝ ታክቶኛል። ነጥቦቹ ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዱ መስመር ስብስቡን በስንት ነጥብ እንደሚያገኘው ይመዘገባል፤ ቁጥሩ ከአንድ የታወቀ ስብስብ ጋር ሲገጥም «ስለዚህ ያው ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለት ትንንሽ ስሕተቶችን አስቀድሜ ላንሳ።

«ነጥቦቹ ውሱን ስለሆኑ ኮምፒውተር ሁሉንም ይፈትሻል።» አይፈትሽም። ማዕረጉ 8 የሆነው፣ ማለትም በየመስመሩ 9 ነጥቦች ያሉት ጠለል 73 ነጥቦች ብቻ አሉት፤ ከእነርሱ የሚወጡት ስብስቦች ብዛት ግን ባለ 22 አኃዝ ቁጥር ነው።

«ኦቫል እንቁላል የሚመስል ቅርጽ ነው።» እዚህ ርቀት የሚባል ነገር የለም። በየመስመሩ ቀ + 1 ነጥቦች ባሉበት፣ ማዕረጉ ቀ በሆነ ጠለል፣ ኦቫል ማለት የትኞቹም ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ የማይውሉ ቀ + 1 ነጥቦች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው፦ «ኦቫል ሁሉ ኮኒክ ነው»፤ ማለትም ነጥቦቹ የአንድ ባለ ሁለተኛ ደረጃ እኩልታ መፍትሔዎች ናቸው። ይህ ግማሹ የተጣለ የጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ የቤኒያሚኖ ሴግሬ ቲዎረም ነው። ፊንላንዳውያኑ ያርኔፌልት እና ኩስታንሄይሞ ሲገምቱት ማመን የከበዳቸው ነበሩ፤ ሴግሬ ማረጋገጫውን በ1955 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የሚሠራው ግን በፊልድ (መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና በዜሮ ካልሆነ ማካፈል በሚቻልበት የቁጥር ሥርዓት) ላይ በተገነባ ጠለል፣ ያውም ማዕረጉ ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን ብቻ ነው። ቅድመ ሁኔታው ለጌጥ አልተጻፈም። የማረጋገጫው እምብርት፣ ዜሮ ያልሆኑት የፊልዱ አባላት ሁሉ ሲባዙ −1 መስጠታቸው ነው። ማዕረጉ ለ2 ሲካፈል −1 እና 1 አንድ ስለሚሆኑ ክርክሩ ጉልበቱን ያጣል።

ለግምገማ በደረሰኝ አንድ ጽሑፍ፣ ማዕረጉ 8 በሆነ ጠለል ላይ 9 ነጥቦች ተሰጥተው «ኦቫል ስለሆኑ ኮኒክ ናቸው» ተብሎ ቀሪው ሁሉ በዚያ ላይ ተገንብቷል። ጸሐፊው እርሳስና ወረቀት ይበቃው ነበር። በዚያ ጠለል ላይ ኮኒክ ውሰዱ፤ 9 ነጥቦች አሉት። በአንድ ነጥብ ብቻ የሚነኩት 9 መስመሮች ሁሉ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ያ ነጥብ ኒውክለስ ይባላል። እርሱን ስትጨምሩ 10 ነጥቦች ይሆናሉ፤ አሁንም ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ አይውሉም። ከዚያ ከቀድሞዎቹ ነጥቦች አንዱን አስወጡ። የቀሩት 9 ነጥቦች ኦቫል ናቸው። ኮኒክ ቢሆኑ ኖሮ ከመጀመሪያው ኮኒክ ጋር 8 ነጥቦችን የሚጋራ ሌላ ኮኒክ ይኖር ነበር፤ ይህ ደግሞ አይቻልም፤ ሦስቱ በአንድ መስመር በማይውሉ 5 ነጥቦች የሚያልፈው ኮኒክ አንድ ብቻ ነውና። የመስመሮቹን ቁጥር ተመልከቱ፦ ሁለቱንም ኦቫሎች 36 መስመሮች በሁለት ነጥብ ይቆርጧቸዋል፣ 9 ይነኳቸዋል፣ 28 አይደርሱባቸውም። ቆጠራው ፈጽሞ አይለያቸውም።

ኒውክለሱን ጨምሮ መቁጠርም ሁልጊዜ አያድንም። የሒሳብ ሊቃውንቱ ሉኔሊ እና ሼ በ1958 እ.ኤ.አ. በፊልድ ላይ በተገነባው፣ ማዕረጉ 16 በሆነው ጠለል ላይ፣ ከኮኒክና ከኒውክለሱ ያልተገኘ፣ ሦስቱ በአንድ መስመር የማይውሉ የ18 ነጥቦች ስብስብ በኮምፒውተር አግኝተዋል።

ስለዚህ ስም ከመስጠታችሁ በፊት ማዕረጉ ጎዶሎ መሆኑንና ጠለሉ በፊልድ ላይ መገንባቱን ጻፉ። ማዕረጉ ለ2 የሚካፈል ከሆነ ከኦቫሉ 5 ነጥቦች መርጣችሁ በእነርሱ የሚያልፈውን ኮኒክ እኩልታ አውጡ፤ ከዚያ የቀሩትን ነጥቦች አንድ በአንድ ተኩበት። አንዱ እንኳ እኩልታውን ካላሟላ ስብስቡ ኮኒክ አይደለም።