«አላመመኝም፣ አያለሁም»፦ ስለ ግላኮማ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ላይ ግላኮማን ብዙ ሰው የሚያውቀው «የዓይን ግፊት» በሚለው ስሙ ነው። አንዳንዱ ስህተትም የሚመጣው ከዚሁ ስም ነው።

«የደም ግፊቴ ተስተካክሏል፤ የዓይኔም ይስተካከላል።»
ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ እየመነጨ የሚወጣ ንጹህ ፈሳሽ አለ። መውጫው ሲጠብ ይጠራቀምና የዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ነርቭ ይጎዳል። የደም ግፊት ኪኒን የዓይን ጠብታን አይተካም። የጤነኛ ዓይን ግፊት ባብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ይሁንና 16 ሆኖም ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ። ስለዚህ ግፊት መለካት ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪሙ ነርቩንም ማየት አለበት።

«ቢኖርብኝ ኖሮ ያመኝ ነበር።»
አብዛኛው ግላኮማ አያምም። እይታን የሚበላው ከዳር ጀምሮ ነው። ሰውየው ጋዜጣ ያነባል፣ ከጎን የመጣው ባጃጅ ግን ከመሬት የበቀለ ይመስለዋል፤ ደረጃ ይስታል፣ በር ይገጨዋል። አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍንለት ለዓመታት ላያውቀው ይችላል። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፣ ይልቁንም ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ የታመመበት፣ ሳያመው መመርመር ያለበት ለዚህ ነው።

የሚያምም ዓይነትም አለ። ዓይን ድንገት ቀልቶ ከባድ ራስ ምታትና ትውከት ከመጣ፣ በአምፖል ዙሪያም ቀስተ ደመና ከታየ፣ «ጨጓራ ነው» ብሎ ማደር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው።

«ሞራ ነው፤ ይብሰልና ይገፈፋል።»
ሞራ የጋረደው እይታ ሲገፈፍ ይመለሳል። ግላኮማ የወሰደው አይመለስም። ኦፕራሲዮኑም ግፊት ይቀንሳል እንጂ የሞተ ነርቭ አያስነሳም።

«ጠብታው ምንም ስላልጨመረልኝ ተውኩት።»
እይታ ሊጨምር አልታዘዘም፤ ሥራው የቀረውን ማቆየት ነው። አጨማመሩም ይበላሻል። እጅ ይታጠቡ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው የብልቃጡን ጫፍ ሳያስነኩ አንድ ጠብታ ብቻ ያድርጉ። ከዚያ ዓይንን ከድነው በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለ2 ደቂቃ ይጫኑ፤ አለዚያ መድኃኒቱ በአፍንጫ ወርዶ ወደ ደም ይገባል። ቲሞሎል የተባለው የግላኮማ ጠብታ በዚህ መንገድ የአስም ሕመምተኛን ሊያፍን ስለሚችል አስም ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘ በመሀል 5 ደቂቃ ይጠብቁ። 5 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ በቀን 4 ጠብታ አንድ ወር ገደማ ያደርሳል፤ በሁለት ሳምንት ካለቀ ጉንጭ ላይ እየፈሰሰ ነው። ላታኖፕሮስት የተባለው ሌላው የግላኮማ ጠብታ ደግሞ ሙቀት አይወድም፤ በአዳማ ፀሐይ መኪና ውስጥ ትተውት አይሂዱ። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ጠብታውን አያቋርጥ።

«ለማሳከክ የታዘዘ ጠብታ ምን ያደርጋል?»
በዚህ አቧራና ንፋስ የልጆች ዓይን ማሳከክ የተለመደ ነው። የሚያስከፋው አንድ ጊዜ የታዘዘን ዴክሳሜታዞን የተባለ የስቴሮይድ ጠብታ በየወሩ እየገዙ መቀጠል ነው። ስቴሮይድ ወዲያው ያስታግሳል፣ ውስጥ ውስጡን ግን የዓይን ግፊት ከፍ አድርጎ ልጅንም ለግላኮማ ሊዳርግ ይችላል። የድሮውን ካርቶን ይዘው ሲሄዱ ፋርማሲስቱን «ስቴሮይድ አለበት ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ካለበት ሐኪም ሳያይ አይድገሙት።